ያበጠው ባትሪ

ኪናሲህ ጠዋት ላይ ላፕቶፗን ስትከፍት ጣት የሚዳስሰው ሰሌዳ ከቦታው ተነቅሎ ወደ ላይ ተነስቶ አገኘችው። ገልብጣ ብሎኖቹን ፈታች። ባትሪው ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነፋፍቶ ላስቲኩ ሊተረተር ደርሷል።

«ዛሬ? ከዛሬ ሌላ ቀን ጠፍቶ?» አለች ለብቻዋ።

የአባቷን ጉዳይ የሚመረምረው የባለሙያዎች ሸንጎ ቀጠሮ ነገ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ከአምስት ወር በፊት ሰማራንግ ከተማ ወደብ አጠገብ በመሠራት ላይ ያለ የመጋዘን ጣሪያ ተደርምሶ ሁለት ሠራተኞች ገድሏል። የሠራተኞቹ አለቃ አባቷ ፓክ ታርሙጂ ነበሩ። ኩባንያው «ጣሪያው ታስሮ ሳያልቅ ደጋፊ ብረቶቹን ያስፈታው እሱ ነው» ብሎ ጣቱን ወደ ሽማግሌው ቀሰረ፤ ዐቃቤ ሕግም ከሰሳቸው። አባቷ ግን አንድም ብረት እንዳላስፈቱ ምለው ነግረዋታል።

ኪናሲህ መሐንዲስ ናት። የወደቀውን ብረት በእጇ ለክታ፣ ዐሥራ ሁለት ሚሊሜትር መሆን የነበረበት ማያያዣ ሳህን ስምንት ብቻ ሆኖ አግኝታዋለች። የቀራት፣ መጋዘኑን እንዳለ በኮምፒውተር ውስጥ አቁማ፣ የዚያን ቀን ነፋስ ለቃበት፣ የጣለው የሳህኖቹ መሳሳት መሆኑን ለባለሙያዎቹ ሸንጎ ማሳየት ነበር። ሂሳቡ ስድስት ሰዓት ቢያገኝ ያልቃል።

ላፕቶፑ ዘጠኝ ዓመት ያገለገላት፣ ለመሐንዲሶች የተሠራ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ ማሽን ነው። አምና የድሮውን ግራፊክስ ካርድ አስወጥታ እጥፍ ጉልበት ያለው ካርድ አስገብታለታለች። ሌላ ማሽን ላይ እንዳትሠራ፣ የስሌት ፕሮግራሙ ፈቃድ ከዚህኛው ጋር የተቆራኘ ነው።

ባትሪውን ነቅላ ጓሮ በአሸዋ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ማሽኑን በቻርጀር ብቻ አስነሳችው። ተነሳ። እፎይ ብላ ሳትጨርስ የፍጥነቱን ቁጥር አየች፤ አራት ጊጋኸርዝ ይደርስ የነበረው ፕሮሰሰር ዜሮ ነጥብ ስምንት ላይ ተቸንክሯል። ሂሳቡን ስታስጀምረው «የቀረው ጊዜ፦ ዘጠና አንድ ሰዓት» ይላል። አጥፍታ አስነሳችው። ያው ነው። እንደገና አጥፍታ አስነሳችው። ዘጠና ሁለት አለ።

ማሽኑን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስራ በሞተር ሳይክል ወጣች። ባሕሩ ሞልቶ መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ ጎማው ግማሽ ድረስ እየሰጠመ ኮምፒውተር ጠጋኙ ኮ ሄንግኪ ሱቅ ደረሰች። ካርዱን አምና የቀየረላት እሱ ነው።

«ምባክ ኪናሲህ፣ እህቴ! እንደ ሕፃን ታቅፈሽው መጣሽ? ምን አደረግሽው ደግሞ?»

«ባትሪው አበጠ። አወጣሁት። አሁን ይሳባል እንጂ አይሄድም።»

ኮ ሄንግኪ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «አይሄድማ! አምና ምን አልኩሽ? አዲሱ ካርድ በላተኛ ነው። እሱና ፕሮሰሰሩ አንድ ላይ ሲሮጡ ቻርጀሩ አይበቃቸውም፤ የጎደለውን እየሞላ ያኖረሽ ባትሪው ነው። እሱ ሲጠፋ ማሽኑ እንዳይሞት ብሎ የራሱን አንገት ያንቃል።»

«ትልቁን ቻርጀር ግዢ ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬሻለሁ። ‹ይሄ ይበቃኛል› አልሽኝ። ግትርነትሽ ቁርጥ አባትሽን!»

አባቷን ካነሳ በኋላ ቀልዱ አፉ ላይ ቀረ። ትልቁን ቻርጀር ከመደርደሪያ አውርዶ ሰካላት። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ ዓይነቱ ማሽን ሆዱ ውስጥ ባትሪ ካላየ ቻርጀርም አያምንም» አለ። «እንዲህ ተደርጎ ነው የተቆለፈው።»

«የድሮውን ካርድ ብትመልስልኝስ?»

«ያው ነው። የጠፋው ባትሪው ነው።»

«እሺ ባትሪ ስጠኝ።»

«ከጃካርታ ነው የሚመጣው። ቢፈጥን በአራተኛው ቀን።»

«ነገ ነው፣ ኮ ሄንግኪ። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ አባቴ ይጠየቃል።»

ኮ ሄንግኪ ቀና ብሎ አላያትም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየመለሰ፣ «ያበጠውን መልሰሽ እንዳታስገቢ» አላት። «እየሰማሽኝ ነው? እሳቱ ውሃ አይሰማም።»

ማሽኑን ጠቅልላ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ለቀትር ጸሎት መስጊድ ሄደዋል። ቆርቆሮውን ከጓሮ አመጣች። አሸዋውን አራግፋ ባትሪውን በጣራ ሸክላ ላይ አስተኛችው፤ ማሽኑን ከነሆዱ ክፍት ትታ ገመዱን አገናኘች። ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። አንድ ነጥብ ሁለት። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። ሦስት ነጥብ ስድስት። ማራገቢያው አገሳ፣ «የቀረው ጊዜ» ሰባት ሰዓት ላይ ወረደ። ኪናሲህ እየሳቀች ታለቅስ ጀመር፤ እንባዋ በየት በኩል እንደመጣ አላወቀችም። ባትሪው እጇ ሥር ይሞቃል። ጣፋጭ፣ የተበላሸ ፍሬ የሚመስል ሽታ ቤቱን ሞላው።

ፓክ ታርሙጂ ከነቆባቸው በሩ ላይ ቆሙ። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ምንም አይደለም ባፓ። እርስዎ ጎረቤት ሄደው ይቀመጡልኝ።»

ሽማግሌው ግን ቀረብ አሉ። ዐርባ ዓመት በግንባታ ላይ የኖረ ዓይን ሊወድቅ ያለ ነገር አይስተውም። «ንዱክ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ይፈነዳል?»

«ሊፈነዳ ይችላል። ሰባት ሰዓት ብቻ ነው። አጠገቡ ሆኜ እጠብቀዋለሁ።»

«አውጪው።»

«ካወጣሁት እርስዎ እስር ቤት ይገባሉ! ገባዎት? ሌላ መንገድ የለኝም!»

ፓክ ታርሙጂ ጎንበስ ብለው የባትሪውን ገመድ በሁለት ጣት ነቀሉት። ማሽኑ ድምፁ ዝቅ አለ። ኪናሲህ ጮኸች፤ እጃቸውን ያዘች።

«ስቸኩል ሁለት ልጆች ገድያለሁ» አሉ። «አንቺን አልጨምርም።»

«ምን አሉ?»

ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «በምሥራቁ ጫፍ። ሁለት ደጋፊዎች አስፈታሁ። ቆርቆሮ የጫነው መኪና መግቢያ አጣ፤ ቆርቆሮውን ከላይ የሚያሻግር ክሬን ጠብቁ ተባልን፤ ክሬኑ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ነፋሱ መጣ እንጂ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። መኪናው ሲወጣ እመልሳቸዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ምለውልኛል።»

«ምዬልሻለሁ።»

«አምስት ወር! አምስት ወር ሙሉ ብረቱ ሁሉ በቦታው ነበር ብዬ ያሰላሁት በእርስዎ ቃል ነው! ነገ ሸንጎ ፊት ቆሜ ልዋሽልዎት ነበር!»

«ልጄ በዓይኗ እንዳትንቀኝ ፈራሁ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ኪናሲህ ባትሪውን ወደ አሸዋው መልሳ ጓሮ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ። ዝም ብላ መቅረት ትችል ነበር። ሂሳቡ አላለቀም፣ ማሽኑ ተበላሸ ትላለች፤ የስምንት ሚሊሜትሩን ሳህን ብቻ አሳይታ ትመለሳለች። የአባቷ ጠበቃም ከዚህ በላይ አልጠየቃትም። ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም። ልብሷ ሰውነቷ ላይ ተጣበቀ።

እዚያው ቆማ ሳለ ነው ሐሳቡ የመጣላት። ሙሉውን መጋዘን ያቆመችው ጣሪያው መውደቅ ከየት እንደጀመረ ስላላወቀች ነበር። አሁን ታውቃለች። ሃያ አራቱንም የብረት ተሸካሚዎች ማስላቱን ትቶ፣ የምሥራቁን ጫፍ አራቱን ብቻ ማስላት ይበቃል። ያ ለታነቀ ማሽንም አይከብድም።

ወደ ቤት ገብታ አባቷን ሳታይ ወረቀት ዘረጋችላቸው። «የትኞቹን ሁለት? በስንት ሰዓት? ይሳሉልኝ።»

እሳቸውም ሳሉ። ምንም አላስቀሩም። «ያደረግሁትን እንዳለ አስገቢው» አሉ።

በዜሮ ነጥብ ስምንት እየተንፏቀቀ፣ ማሽኑ ሦስት ስሌት በማግስቱ ጠዋት ጨረሰ። ብረቶቹ ባይፈቱ፣ በቀጭኑ ሳህን እንኳ፣ ጣሪያው ያን ነፋስ ይችለው ነበር። ሳህኑ በልኩ ቢሆን፣ ብረቶቹ ቢፈቱም ይችለው ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን በአራት ሴኮንድ ይወድቃል። ኪናሲህ አራቱን ሴኮንድ ደጋግማ አየች። በአምስተኛው ጊዜ ማየት አቃታት።

ሸንጎው ፊት ሦስቱንም አሳየች። የኩባንያው ጠበቃ ደስ ብሎት «አባትሽ ዋሽቷል ማለት ነው?» ሲላት፣ «አዎ። ዋሽቶኛል» አለች። «ሳህኑን የገዛላችሁ ሰውም ዋሽቷል። አባቴ ግን ዛሬ ራሱ ይናገራል።» ፓክ ታርሙጂ ተነስተው ከመኪናው መምጣት ጀምረው እስከ ነፋሱ ድረስ ተናገሩ። ሲጨርሱ የሚቀመጡበትን ወንበር ማየት ተስኗቸው አንድ ፖሊስ ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

ስትወጣ ከሟቾቹ የአንዱ ሚስት ቡ ንጋቲኒ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት። ዕድሜዋ ከኪናሲህ አይበልጥም።

«ክሬኑን ቢጠብቁ ኖሮ ባለቤቴ ይተርፍ ነበር?»

«አዎ።»

«ሳህኑ ደህና ቢሆንስ?»

«ያኔም ይተርፍ ነበር።»

ሴትዮዋ ጃንጥላዋን አነሳች። «እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም» አለችና ጃንጥላዋን ዘርግታ ወረደች። ይቅርታ አላደረገችም፤ ኪናሲህም አልጠየቀቻትም።

ከሁለት ወር በኋላ የኩባንያው ዕቃ ገዢ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ፓክ ታርሙጂ ዐሥራ አራት ወር። ሲወሰዱ ኪናሲህ በእስረኛ መኪናው መስኮት ሽቦ መካከል ጣቶቻቸውን ያዘች።

«ናቅሽኝ?» አሉ።

ጣቶቻቸውን አልለቀቀችም። «ተናድጃለሁ ባፓ» አለች። «ሐሙስ እመጣለሁ። ምን ላምጣልዎት?»

«የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቴምፔ» አሉ ሽማግሌው። «ካላስቸገርኩሽ።»