እህል የማትነካዋ ወፍ

የኔ ችግር አፌ ይቀድመኛል። በዕብራይስጥ «ሞራ» ብለን የምንጠራት የተፈጥሮ ክበባችን አስተማሪ ትዕግሥት «በሚቀጥለው ሰኞ ቤቱ ወፍ ከሚመጣለት ልጅ ጋ እንሰበሰባለን» ስትል፣ ማንም ሳይቀድመኝ «እኛ ቤት» አልኩ። የክበባችን ልጅ ኢላይ ሳቀ። እነሱ ክፋር አቭራሃም ሰፈር ውስጥ ግቢ ያለው ቤት አላቸው፤ እኛ ደግሞ ኔቬ ኦዝ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ነን።

«ሃይላ፣ እናንተ በረንዳ ላይ ከታጠበ ልብስ ሌላ ምን ይመጣል?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ወፍ ማምጣት ግዴታዬ ሆነ።

በክበቡ እንደተማርነው የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎኑን ቀድጄ፣ እህል ሞልቼ በረንዳው ላይ ሰቀልኩት። ድንቢጦች ወዲያው መጡ። አያቴ አባባ ካሣም መጡ። «ሃይ! ሃይ! ሂድ ከዚህ!» እያሉ ሲያጨበጭቡ ድንቢጦቹ እልም አሉ።

አባባ ጎንደር ሳሉ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ማሽላ መሀል በቆመ ማማ ላይ ሆነው ወፍ ሲጠብቁ ነው። እዚህ አገር መጥተው፣ ፋብሪካ ሠርተው፣ ጡረታም ወጥተዋል፤ ወፍ እህል ላይ ሲያርፍ ካዩ ግን አይችሉም።

«አባባ፣ እኔ ጋብዣቸው እኮ ነው» አልኳቸው።

«ወፍን እህል የሚጋብዝ ማን አለ፣ ልጄ? ዓመቱን ሙሉ የለፋሽበትን በአንድ ጠዋት ነው የሚጨርስብሽ።»

በማግስቱም ያው ሆነ። ጩኸታቸውን የሰሙ ጎረቤቶች በመስኮት ብቅ ብቅ አሉ። አፈርኩ፤ ስላፈርኩም ተናደድኩ። ሲመሽ ግን ነገሩ ገባኝ። አባባን መቀየር አይቻልም፣ ወፏን መቀየር ግን ይቻላል።

«ሞራ፣ እህል የማይበላ ወፍ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ጹፊት የምትባል ትንሽ ወፍ አለችልሽ» አለችኝ። «ከአበባ ውስጥ ጣፋጩን ነው የምትጠጣው። የእሬት አበባ ደግሞ በጣም ትወዳለች።»

እሬት ምድር ቤት በምትኖረው ጎረቤታችን በወይዘሮ ባንቺአየሁ ደጃፍ ላይ፣ ማሰሮ ውስጥ ተተክሎ አብቧል። ለምኜ ተዋስኩትና፣ ማሰሮውን አቅፌ እያረፍኩ ሦስተኛ ፎቅ አወጣሁት።

ጹፊቷ ለመምጣት ብዙ አልቆየችም። ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም፤ ጠቆር ብላ ፀሐይ ሲነካት ሰማያዊ ታበራለች። አባባ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አነሡ።

«እህል አትነካም፣ አባባ። ይዩዋት።»

እጃቸው እንደተነሣ ቀረ። ቀጭን ምንቃሯን አበባው ውስጥ ስትከት አተኩረው አዩ። «ሌባስ አይደለችም» አሉና ወንበር አምጥተው ተቀመጡ።

እኔ ግን አላመንኳቸውም። ሰኞ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት «ዛሬ እንዳይጮሁ ቃል ይግቡልኝ» አልኳቸው። «በሰደር፣ እሺ» አሉኝ፣ ቅር ብሏቸው።

ልጆቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው፣ ሞራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። ጹፊቷ መጣች። ኢላይ አፉን ከፈተ። እኔም ልቤ በኩራት ሞላ። ወዲያው ግን አንድ ቢጫ ምንቃር ያለው፣ ማይና የሚባል ወፍ ማሰሮው ላይ ዘፍ አለና አባረራት። ጹፊቷ የልብስ ገመዱ ላይ ሆና ጺው ጺው ትላለች፣ እሱ አበባውን ይረግጣል።

አባባን አየኋቸው። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እኔን እኔን ያያሉ። ዝም ያሉት ለኔ ብለው ነው። አፍሬባቸው እንደነበር ያውቁ ኖሯል።

«አባባ፣ ያላ፣ ይነሡና ያባሩልን» አልኩ።

ብድግ አሉ። «ሃይ! ሃይ!» ሲሉ ማይናው እስከ ጎረቤት ከተማ እስከ ጋኔይ ቲክቫ ድረስ የሚያቆም አይመስልም ነበር። እኔም አብሬያቸው ጮህኩ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ። ጹፊቷ ትንሽ ቆይታ ተመለሰች።

ኢላይ በዕብራይስጥ ሹክ አለኝ፤ ለአባባ ተረጎምኩላቸው። «እነሱም ቤት ማይና አስቸግሯል። ይምጡልን ይላል።»

አባባ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«ይጠብቅ፣ እመጣለሁ በይው» አሉ። «መጀመሪያ የልጄን ማሳ ልጠብቅ።»