ከቀለሙ የተለየው ጥቁር

መሪጌታ አዛናው ወረታ ውስጥ ብራና የሚጽፉ ሰው ናቸው። ሊጠይቃቸው የሚመጣ ሁሉ የድስት ቂጥ ፍቆ ጥቀርሻ ይዞላቸው ይመጣል፤ ቀለም የሚበጠብጡት በእሱ ነው። እንግዲህ ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ጥቁር ዱቄት ያለበት ብልቃጥ መደቡ ላይ ስታስቀምጥ ምን ያስቡ? እሷ ገበያ ስትወጣ ምርቃታቸውን አዥጎድጉደው ዱቄቱን ቀለማቸው ላይ ገለበጡት።

ስትመለስ ብልቃጡ ታጥቦ ተደፍቷል። ክው አለች።

«አባባ፣ እዚህ የነበረው ዱቄት የት ሄደ?»

«እግዜር ይባርክሽ ልጄ! እንዲህ ያለ ጥቁር ከተወለድሁ አላየሁም። ነይ እይው እስቲ።»

ብራናው ላይ ሁለት መስመር ጽፈውበታል። እውነትም ጥቁረቱ ጉድ ነው፤ የወደቀበትን ብርሃን ውጦ ያስቀራል። መዋጡንማ ታውቃለች፣ የሠራችው ለዚያ ነው። ፖላር ሴሚኮንዳክተር ይሉታል፤ ውስጡ በአንድ ወገን ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጌቲቭ ሆኖ ስለተደረደረ የዋጠውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። እሷ ደግሞ በማግኔት ይሳብ እንደሆነ ብላ ብረት ጨመረችበት። ካልተሳበ የሁለት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ። ማግኔቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ግን ዱቄቱን ከምድጃ ካወጣች ወዲህ ፈርታ አንድ ጊዜ እንኳ አላስጠጋችውም።

ነገሩን ስትነግራቸው መሪጌታ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ አዛናው! ልጄን ጉድ ሠራኋት?»

አሁን ምርጫ የለም፤ ዱቄቱን ከጥቀርሻው የሚለይ ቢኖር ማግኔቱ ብቻ ነው። ቀለሙን ከተበጠበጠበት ቀንድ ወደ ብርጭቆ ገለበጠች፣ ውሃ ጨመረች፣ ማግኔቱን ከብርጭቆው ጎን ለጠፈች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ከመሀል እንደ ጥላ ያለ ነገር ተነሣ፤ እየወፈረ ሄዶ ማግኔቱ ባለበት በኩል ተለጠፈ። የድስቱ ጥቀርሻ ግን ባለበት ቀረ።

ሰብለ ወንጌል እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤታቸው ሸዋነሽ ካሰጣችው ሩዝ ላይ ተነሥታ እየሮጠች ገባች።

«ምን ተገኘ? ማን ወለደ?»

«ተሳበ!» አለች ሰብለ ወንጌል፣ ሴትዮዋን ቀለም ባጠቆረው እጇ እያቀፈች።

መሪጌታ እፎይ አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። «ቆይ፣ ማግኔቱን ይዘሽው ነው የመጣሽ?»

«አዎ።»

«እኔ ባልበጠብጠውስ መቼ ልትሞክሪው ኖሯል?»

ሳቋ አመለጣት፤ ማግኔቱን አነሣችና ብርጭቆውን አማስላ እንደገና አስጠጋችው።