ስድስት መቶ ዓመት የሞላው ሰላጣ

ልጅቷ ስልክ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አታውቅም። ያን ቀንም እናቷ አትክልት ከምትሸጥበት መደብ አጠገብ ቆማ፣ ለላቦራቶሪ ባልደረባዋ «የእማዬ ሰላጣ ስድስት መቶ ዓመት ወጣው!» ብላ ጮኸች።

ሰላጣው ላይ ውሃ ስትረጭ የነበረችው እናት እጇ አየር ላይ ቀረ።

ሰላጣ ስትመርጥ የነበረች አንዲት ወፍራም ጎረቤት የመረጠችውን ቀስ አድርጋ መለሰች። «እኔ እንኳ የዛሬ ነበር የፈለግሁት።»

ሊገዛ የመጣው የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ደግሞ ባርኔጣውን አውልቆ ለሰላጣው እጅ ነሣ። «ይቅርታ አባቴ፣ ሳላውቅ ልበላዎት ነበር!»

እናት የውሃውን ጣሳ አስቀመጠች። ሰፈሩ ይህን ከሰማ ማን ይገዛላታል? «አንቺ! ስልኩን ዝጊና አሁኑኑ አስረጂልኝ!»

«ጋሼ፣ እትዬ፣ ስሙኝ» አለች ልጅቷ። «ቅጠል የሚያድገው ከአየር በሚወስደው ካርቦን ነው። ከዚያ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ሬዲዮካርቦን ይባላል፤ ዘመን በሄደ ቁጥር እየጠፋ ይሄዳል። የቀረውን ለክተን ዕድሜ እንገምታለን፤ ጥቂት ከቀረ አሮጌ ነው ማለት ነው። ነዳጅ ግን ሚሊዮን ዓመታት ከመሬት በታች ስለተኛ ምንም አልተረፈውም። ሰው ነዳጁን ሲያነድ ያ አሮጌ ካርቦን አየር ውስጥ ይገባል፤ ሰላጣውም ይወስደዋል። መሣሪያችን አሮጌ ነው የሚለን ለዚህ ነው እንጂ ሰላጣውስ ትኩስ ነው።»

«ጭስ የበላ ነው በይና!» አለ ልብስ ሰፊው።

ጎረቤቷ ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች።

«ጠበቃ ሳትሆኚ መቅረትሽ በጀ» አለች እናት፤ «ንጹሑን ሁሉ ታሳስሪ ነበር። የማን ነዳጅ ነው ይሄ?»

ልጅቷ ሰላጣው ከሚበቅልበት ከጓሯቸው አጥር ማዶ ያለውን የአናጺውን ጄኔሬተር በአገጯ አሳየቻት። የጭስ ማውጫው ቀጥ ብሎ ሰላጣው ላይ ነው የሚተፋው።

እናት አንድ ሰላጣ አንጠልጥላ፣ ልጇን አስከትላ አናጺው ፊት ቆመች። «አስረጀህብኝ!»

አናጺው መጋዙን አስቀምጦ ሰላጣውን አየ፤ እሷን አየ። «እትዬ፣ ደህና ነዎት?»

«ልጄ ለክታዋለች! ይህን ጄኔሬተርህን ዛሬውኑ አንሣልኝ።»

«እሺ፣ እሺ! ቧንቧውን ከጣራ በላይ ላውጣው?»

«አየሽ?» አለች እናት ወደ ልጇ ዞራ። «ተገላገልን።»

«እማዬ፣ ጭሱ እኮ አይጠፋም፤ ይበተናል እንጂ። ያኔ የሰው ሁሉ ሰላጣ ትንሽ ትንሽ ያረጃል።»

እናት አሰበች። ከተማው ውስጥ ያለውን መደብ ሁሉ፣ በተለይ የዚያችን ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ተፎካካሪዋን መደብ አሰበች።

«ከፍ አድርገው» አለችው ለአናጺው። «በጣም ከፍ አድርገው።»