የበርበሬው መጋዘን ልጃገረዶች

የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ገበያ መሃል መጥቶ «አሚኔ፣ ለኮሚሲዮን ትፈለጊያለሽ» ሲላት፣ አሚኔ ቅቤዋን በኮባ ቅጠል መጠቅለሏን ሳታቋርጥ «ቅቤዬን ራሴ አምጥቼ ራሴ ነው የምሸጠው፤ ለማንም ደላላ ኮሚሽን አልከፍልም!» አለችው። በዙሪያዋ የተቀመጡት ቆጮ ሻጮች በሳቅ ወደቁ። ዘበኛው ግን ፊቱን አልፈታም። «የደላላ አይደለም፤ የመንግሥት ነው። ተነሽ» አላት።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ስልሳ ሁለት አልቆ ስልሳ ሦስት ሊጠባ ጥቂት የቀረው። ለቡታጅራ ማዘጋጃ ቤት ከበላይ ትእዛዝ ደርሶ ነበር፦ ሴቶችንና ልጃገረዶችን የሚደግፍ ኮሚሲዮን ከከተማው ሴቶች ይቋቋም የሚል። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አቶ ባልቻ ጭንቅላቱን ሲያክክ ከርሞ ሦስት ሴቶች መረጠ። አንደኛዋ አዲስ አበባ የተማረችው የዳኛው ሚስት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ናት፤ ሁለተኛዋ መምህርት የሺመቤት። ከነጋዴ ደግሞ አንድ ጨዋ፣ የሚደመጥ ድምፅ ያላት እስላም ሴት ሲፈልግ፣ ሁሉም ሰው የጠራለት አንድ ስም ብቻ ሆነ። የአሚኔ ድምፅ እንኳን የሚደመጥ፣ ማምለጫ የሌለው ነበር።

አቶ ባልቻ ሦስቱንም አስቀምጦ ሻይ አስቀርቦ፣ «እንግዲህ መስቀል ደርሷል። ከአዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። እናንተ በማዘጋጃ ቤቱ ዙሪያ አበባ ትተክላላችሁ፤ ለበዓሉም ሪባን ትሰፋላችሁ» አላቸው።

አሚኔ ሻይዋን አስቀመጠች። «አበባውን ፍየል ይበላዋል፣ ጌታው። ልጃገረዶች ብላችሁ የለም እንዴ? እኔ በየዓርቡ ገበያ የማያቸው ልጃገረዶች አሉ። ከዶቢ፣ ከእንሴኖ፣ ከየገጠሩ። የሰፈራቸውን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ይጨርሳሉ፤ ከዚያ በላይ እዚያ የለም። ወንዱ እዚህ ከተማ መጥቶ ዘመድ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ የትም ተጠግቶ ይማራል። ሴቷስ? አባቷ የት ያሳድራታል? ይመልሳትና ይድራታል። እኔም ቅቤ እየሸጥኩ አያለሁ።»

የሺመቤት ከወንበሯ ብድግ አለች። ይህ ስንት ጊዜ ልትናገረው ፈልጋ አፏ ላይ ደርሶ የቀረባት ነገር ነበር። «ማደሪያ! ማደሪያ ብቻ ቢኖራቸው አስተምራቸዋለሁ!» አለች።

ከገበያው ጀርባ የማዘጋጃ ቤቱ አሮጌ መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሰፊ። አቶ ባልቻ ብዙ ካቅማማ በኋላ ፈቀደ። ግን ቅድመ ሁኔታ አበጀ፤ ትምህርት እስከሚከፈትበት ሰኞ ድረስ ልጃገረዶች ካልገቡበት ቤቱ ተመልሶ ላለበት ሰው ይቀራል። ያለበት ሰው ደግሞ ሸረፋ ነው፤ የማረቆን በርበሬ ሰብስቦ ዋጋ እስኪወደድ እዚያ የሚያከማች ነጋዴ። ይባስ ብሎ ሸረፋ የአሚኔ የሟች ባሏ ወንድም፣ ዋርሳዋ ነው።

አሚኔ ሄደች፤ ለመነችው። «ዋርሳዬ፣ ስለ ወንድምህ ነፍስ ብለህ ልቀቅልን።» እሱም «ወላሂ፣ ከመስቀል በፊት ባዶ ታገኚዋለሽ» አለ። መስቀል መጣ፤ ክትፎው ተበላ፤ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የመጡት የአገሩ ጎረምሶች በጭነት መኪና ተሳፍረው ተመለሱ። በርበሬው ግን ንቅንቅ አላለም።

ዓርብ ሆነ። ለገጠር አባቶች ሁሉ በገበያ በኩል ወሬ ተልኳል፦ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ማደሪያውን በዐይናችሁ እዩ ተብሏል። አሚኔ ጎሕ ሲቀድ ወደ መጋዘኑ ስትደርስ የሸረፋ ትልቅ ቁልፍ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሸረፋ ራሱ ትናንት አዲስ አበባ ሄዷል፤ የቁልፉን መክፈቻም ይዞት ሄዷል።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ መጥታ ባየችው ጊዜ ፊቷ ጨለመ። «ምን ይደረጋል፣ ለከርሞ እናስተላልፈው» አለች።

«ለከርሞማ ልጆቹ ልጅ ይወልዳሉ!» አለች አሚኔ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና በቀጥታ አቶ ባልቻ ዘንድ ገባች። አቶ ባልቻ ነገሩን ሰምቶ መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው።

«እኔ የነጋዴ ቁልፍ ሰብሬ ከሰው አልጣላም» አለ። «ቤቱ ግን የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱም ለኮሚሲዮኑ ሰጥቷል። እኔ አሁን ቁርሴን ልበላ እሄዳለሁ። ቁርስ ላይ ደግሞ ብዙ እቆያለሁ።»

አሚኔ ነገሩ ገባት። ወደ ገበያው ሮጣ ቅቤ የምትሸጥበት መደብ ላይ ወጣችና ያንን ድምፅዋን ለቀቀችው፦ «ሴቶች! ልጅ የወለደችም ያልወለደችም፣ ክንድ ያላት ሁሉ ትነሣ! ለልጆቻችን ቤት ልናስለቅቅ ነው!»

መጀመሪያ አንዲት ቆጮ ሻጭ ቢላዋዋን አስቀምጣ ተነሣች። ቀጥሎ የእንስራ ሻጯ፤ ቀጥሎም ሌሎቹ። ሸማ የለበሱትም ሻሽ የጠመጠሙትም፣ በጉራጊኛ የሚጮኹትም በስልጢኛ የሚመልሱትም እንደ ደራሽ ውሃ ተግተልትለው መጋዘኑ ደጃፍ ደረሱ። እንስራ ሻጯ ድንጋይ አንሥታ ቁልፉን ደጋግማ መታችው። ቁልፉ ወደቀ፤ በሩም ተከፈተ።

ያን ሁሉ ክረምት ታፍኖ የከረመ በርበሬ እስትንፋሱን በአንድ ጊዜ ፊታቸው ላይ ተነፈሰባቸው። አሚኔ «ቢስሚላህ» ብላ እግሯን ከማስገባቷ አስነጠሳት። ከኋላዋ የነበረችው የሺመቤትም አስነጠሳት። ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! ክርስቲያኖቹ «ይማርሽ!» ሲሉ፣ እስላሞቹ «የርሐሙኪላህ!» ሲሉ፣ መራቂዋ ራሷ ሳትጨርስ ሲያስነጥሳት፣ መጨረሻ ላይ መራቂና ተመራቂ ጠፋ። ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ ያስላሉ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ እንኳ ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን ነጭ መሐረብ አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ አንዱን ጆንያ ከአሚኔ ጋር ጥግና ጥጉን ይዛ ስትጎትት ታየች።

«ወዴት ነው የምንወስደው?» አለች እያለከለከች።

አሚኔ ይህን አላሰበችበትም ነበር። በርበሬውን መንገድ ላይ ቢጥሉት የሰው ሀብት ማበላሸት ነው፤ በኋላም ያስከስሳል። ቆማ ዞር ዞር ስትል፣ ከመንገዱ ማዶ የሸረፋ ግቢ በር ሲከፈት አየች። ሚስቱ ዘይባ በሩን ወለል አድርጋ ቆማለች።

«እህቴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ወዲህ አምጡት!» አለች ዘይባ።

«ሸረፋ ሲመጣ ምን ትይዋለሽ?»

«ገበያው የሱ ነው፤ ግቢው ግን የኔ ነው። ጂባ ምንጣፌን አንጥፌላችኋለሁ፤ አንድ ፍሬ እንዳይረጥብ።»

አሚኔ ዘይባን ጉንጯን ሳመቻት፤ ሁለቱም አስነጠሱ።

ፀሐይ ከፍ ሲል መጋዘኑ ግማሽ ያህል ባዶ ሆኖ፣ አባቶች ከየገጠሩ እየደረሱ በር ላይ ተኮለኮሉ። ያዩት ነገር ግራ አጋባቸው። አፋቸውን ያሰሩ፣ ዐይናቸው ደም የመሰለ ሴቶች ቀይ አቧራ ለብሰው ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ከአባቶቹ ሁሉ ፊት የቆመው ከዶቢ የመጣው ከማሉ ነበር፤ ረጅም፣ ቁጥብ፣ ቃሉን እንደ ገንዘብ የሚቆጥብ ገበሬ። ልጁ ሃሊማ ልብሷን በጨርቅ ጠቅልላ ጎኑ ቆማለች፤ ዐይኗ ግን በሩን አልፎ ከገባ ቆይቷል።

«ማደሪያ ያላችሁት ይህ ነው?» አለ ከማሉ። ተጨማሪ ሊናገር አፉን ሲከፍት አስነጠሰው።

«ይህ ነው፣ ወንድሜ። ታጥቦ ተለስኖ ሲያልቅ ደግሞ እይልኝ» አለች አሚኔ።

«ቤት ይታጠባል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከልጆቹ ጋር የሚያድረው ማነው?»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ፈጠን ብላ «ማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ይቀጥራል» አለች።

«ወንድ ዘበኛ?» አለ ከማሉ። ሌሎቹም አባቶች አጉረመረሙ። አንዱ የልጁን እጅ ይዞ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። አሚኔ ያ ሁሉ ጉድጉድ በአንዲት ጥያቄ ውሃ ሊበላው እንደሆነ ታያት። ያን ጊዜ አንደበቷ ሳያማክራት ተናገረ፦

«እኔ! እኔ አድራለሁ!»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። አሚኔም ራሷ ደነገጠች። ቤት አላት፤ ባሏ ከሞተ፣ ልጇም አዲስ አበባ ንግድ ከገባ ወዲህ ብቻዋን የምትኖርበት ቤት። ያን ጸጥ ያለ ቤት አሰበችው፤ ይህን ሰፊ መጋዘን ደግሞ በልጆች ጫጫታ ተሞልቶ አሰበችው። ድንጋጤዋ ለቀቃትና ሳቅ ሳቅ አላት። «ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልጋዬን እዚህ በሩ ሥር ነው የምዘረጋው። እኔን ሳይረግጥ የሚገባ አይኖርም። ቅቤዬንም ከዚሁ ሆኜ እሸጣለሁ።»

ከማሉ ጋቢውን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለ። «የቀረው ጆንያ የታል?» አለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ አልመሰለም። አባቶቹ ጆንያውን በትከሻቸው ሲያወጡ፣ ሴቶቹ በእንስራ ከወንዝ ውሃ አመላለሱ። ሃሊማ ከየት እንዳመጣችው ሳይታወቅ መጥረጊያ ይዛ ከጥግ እስከ ጥግ ስትጠርግ ዋለች፤ ሌሎቹም ልጃገረዶች ተከተሏት። አንዱ አባት ኖራ በጠበጠ። ወደ ማታ አካባቢ ግድግዳው ነጥቶ፣ ወለሉ እርጥብ ሆኖ፣ በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ነፋስ ይገባበት ነበር።

ሸረፋ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ከጭነት መኪናው ወርዶ የተሰበረውን ቁልፍ አየ። «ማነው ደፋሩ?» ብሎ ጮኸ። «ማነው በሬን የሰበረ?»

አሚኔ እጇን እያደረቀች ወጣች። «እኔ ነኝ፣ ዋርሳዬ። በርበሬህ ግቢህ ውስጥ ነው፤ አንድ ፍሬ አልጎደለም።»

«እከስሻለሁ! ወንድሜ ቢኖር ይህን ታደርጊ ነበር?»

«ወንድምህ ቢኖር ጆንያውን የሚሸከመው እሱ ነበር» አለችው፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብሎ።

ሸረፋ ወደ ግቢው ገባ፤ በሩን በኃይል ዘጋ። አቶ ባልቻ ዘንድ አቤት ብሎ ነበር፤ ግን የቤቱ ባለቤት ማዘጋጃ ቤቱ ስለሆነ ክሱ አልሄደለትም። እስከሚቀጥለው መስቀል ድረስ ከአሚኔ ጋር ሰላምታ አልነበራቸውም። አሚኔ ይህ ያማት ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልቆጫትም።

ሰኞ ጧት ልጃገረዶቹ ፊታቸውን ታጥበው፣ ጸጉራቸውን ተጎንጉነው፣ የሺመቤትን ተከትለው በገበያው መሃል ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ፣ ሻጮቹ ሥራቸውን ትተው ቆሙ። አንዷ እልልታዋን ለቀቀች፤ ገበያው ተቀበላት። ሃሊማ አፍራ አንገቷን ደፋች፤ እግሯ ግን ከሌሎቹ ቀድሞ ይራመድ ነበር። አሚኔ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ድምፅዋ ጠፋባት። ያ ከገበያው ዳር እስከ ዳር የሚሰማው ድምፅ ቀርቶ፣ ዕንባዋ ብቻ ወረደ።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ማንም ያልጠራቸው አንድ ሽማግሌ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ከመጋዘኑ በር ቆሙ። «አሰላሙ ዐለይኩም። ልጃገረድ የምታሳድጉ እናንተ ናችሁ አሉኝ። ቦታ ይኖራል?» አሉ።

ቦታ አልነበረም። ወለሉ ላይ ጂባው ከጂባው ተነካክቶ ተነጥፎ ነበር። አሚኔ ወደ ውስጥ አየች፤ የራሷን አልጋ አየች፤ አንሥታ ወደ ደጅ በረንዳው አወጣችው።

«ወዐለይኩም ሰላም» አለች። «ግቡ፣ ልጆቼ፣ ግቡ!»