ክንድ በሜትር ሲመነዘር

አሁን ፎቅ የቆመበት ቦታ ላይ፣ በ1989 ዓ.ም.፣ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ኢሳ የሚባል ጎረቤት ነበረኝ። ሰፈራችን ላምበረት ያደረ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ሸራ የሚለካው በገዛ ክንዱ ነው፤ ከክርኑ እስከ መሃል ጣቱ ጫፍ። ሾፌሮቹ ልኩን በሜትር ጽፈው ሲያመጡለት ወረቀቱን አየት አድርጎ፣ በልቡ አስልቶ ይቆርጣል። ተሳስቶም አያውቅ።

ልጁ ሀጀር ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር ኮምፒውተር ትማር ነበር። ጅዳ ያለው አጎቷ የላከላት አሮጌ ኮምፒውተርም ሱቁ ጥግ ተቀምጧል፣ ዳንቴል ለብሶ። ለኢሳ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። «በዚህ አንድ የሚረባ ነገር ሠርተሽ አሳዪኝ፤ አለዚያ ትምህርቱ ይቅርና ከሰኞ ጀምሮ ከእኔ ጋር ትሰፊያለሽ» አላት።

እሷም ሜትር ሲሰጡት በክንድ የሚመልስ ፕሮግራም ጻፈች። ታዲያ አንድ ክንድ ስንት ሴንቲ ነው? አባቷን ብትጠይቅ ነገሩን ያውቅባታል። በአጥር በኩል ጠራችኝ።

«ጋሼ ገብረወልድ፣ ክንድዎን ያውሱኝ።»

«መልሽልኝ እንጂ» ብዬ ዘረጋሁላት። ሃምሳ ሴንቲ ወጣ።

ቅዳሜ፣ አያሌው የሚባል የደሴ መስመር ሾፌር አሥር ሜትር ሸራ አዘዘ። ኮምፒውተሩ ሃያ ክንድ አለ። ኢሳ «እስቲ የማሽኑን እንየው» ብሎ እያጉረመረመ ሃያ ክንድ ለክቶ ቆረጠ፣ ሰፋ። ሸራው መኪናው ላይ ሲወጣ ከኋላ አንድ ሜትር ሙሉ እህል ፀሐይ ይሞቃል።

«ለቀረው ጃንጥላ ትሰጡኛላችሁ?» አለ አያሌው።

ኢሳ ወደ ልጁ ዞረ። «አልኩሽ አይደል?» ሀጀር አንገቷን ደፋች። እውነቱን ለመናገር ዝም ልል ነበር፤ አላስቻለኝም። እኔ በር ስገባ ጎንበስ የምል ሰው ነኝ፤ ኢሳ ደግሞ ከብብቴ አያልፍም።

«የለካችው የእኔን ክንድ ነው፣ ኢሳ።»

«የአንተን? የዚህን የስልክ እንጨት?» አለ ኢሳ። አያሌው ሳቁ አመለጠው። ኢሳ ግን ቀጠለ፦ «ቆራጩ እኔ፣ ክንዱ የእሱ! አንቺ ልጅ፣ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ላስገርምህ ብዬ ነው፣ አባ።»

ኢሳ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አስተኛ። ሀጀር ማስመሪያ አምጥታ ለካች፦ አርባ አምስት። ቁጥሩን ቀይራ እንደገና አሥር ሜትር ብላ ጻፈች። ሃያ ሁለት ክንድ ከትንሽ ፈሪ መጣ።

ኢሳ መነጽሩን አውልቆ ስክሪኑን ተጠጋ። «እኔም ብቻዬን ብሆን ሃያ ሁለት ቆርጬ ጥቂት እጨምርበት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በይ ነይ፣ የጎደለውን አብረን እንቀጥልለት። ሰኞ ክፍልሽ ግቢ።»

ሰኞ ጠዋት ደብተሯን አቅፋ ወደ ታክሲው ስትሮጥ በአጥሩ ላይ አሻግሬ አየኋት። እንደዚያ የሮጠ ሰው ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን አላየሁም።