መቱ ኬላ ላይ የተፈተለው ጥጥ

…ኬላ ጠባቂው ያደታ እጁን ከዘውደነሽ ጆንያ ውስጥ አያወጣም፣ የታረደ በሬ ሆድ ዕቃ የሚያገላብጥ ነው የሚመስለው፣ የሷ ልብ ደግሞ በጉሮሮዋ ወጥቶ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከዶሮዎቹ ጋር ተቀምጧል፣ ከሱዳን ድንበር እስከ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ እስከ ጎሬ ዝንብ እንኳ ያላረፈበት ጥጥ፣ እዚህ መቱ ደርሶ፣ ያዮ ሊገባ ምን ቀረው፣ ይወረስ? ኬላ ጠባቂው አንዲት ፍሬ በጥፍሩ ፈልቅቆ ለፀሐይ ያሳያታል። ያልተዳመጠ ነው እትዬ፣ ከውጭ አገር የመጣ ያልተዳመጠ ጥጥ ያለ ፈቃድ አያልፍም። ፈቃዱ ከየት ነው ጓድ? ከአዲስ አበባ። እስኪመጣማ ልጄ ዱሬቲ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ ድራ፣ እኔም ተቀብሬ።

የዱሬቲ ሰርግ ከጥምቀት በኋላ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ ይጠብቃል። የቀበሌው ሱቅ ከጨውና ከሳሙና በቀር ጥጥ የሚባል ካየ ዘመን የለውም፣ የኖፓዋ ፅጌረዳ፣ የሙሽራው እናት፣ ያቺ ምላሷ እንጨት የሚፈልጥ፣ በእናቷ ፈትል የተሠራ ጋቢ ያልለበሰች ምራት ደጄን አትረግጥም ብላለች፣ በሽማግሌ ፊት፣ ዘውደነሽም እሺ ብላለች፣ ምነው አፏን በቆረጠው፣ እሺ።

ቢዳመጥስ ጓድ? ያው ጥጥ ነው፣ ምድቡ ይለወጥ እንጂ ክልክል ነው። ባዘቶ ቢሆን? እሱም ጥጥ ነው። ቢፈተልስ? ያደታ ወደ ሰማይ ያያል፣ የመቱ ሰማይ እንደ ልማዱ ዝናብ አርግዟል፣ ፈትልማ የቤት ሥራ ነው፣ ፈትል ያዝ ያለኝ የለም፣ እኔ ግን ምንም አላልኩም።

አላለም። ምንም አላለም። የፈነዳው የአውቶቡሱ ጎማ ሊለጠፍ ከተማ ወርዷል፣ ሾፌሩ ደርበው ጥላ ስር ተኝቷል፣ ታዲያ ምን ይጠበቃል፣ ደቦ ለአጨዳ ብቻ ነው ያለው ማነው፣ ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ልጄን ዳሩልኝ። አንድ አውቶቡስ ሕዝብ ይወርዳል። ዘርፈሽ፣ የፊት ወንበሯ ወፍራም ሴት፣ የደርበውን የክሪክ ብረት ከራስጌው አንስታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጥጡን ትዳምጣለች፣ ፍሬው እንደ በረዶ ይዘንባል፣ የኬላው በግ እየተከተለ ይለቅማል፣ በበጉ ሆድ ያለውንማ ማን ይመድበው። እንዝርትስ? የቡና ቅርንጫፍ መች ጠፋ። ክብደቱስ? ነጋዴው ሙሐዲን የጎደሬ ከረጢቱን ይፈታል፣ ጎደሬው በክብ በክብ ይቆረጣል፣ መሐሉ ይበሳል፣ ይሽከረከራል፣ ወይ ጉድ፣ ይሽከረከራል።

ጋሼ ሙሐዲን፣ የሚፈትል ወንድ ጢሙ ይረግፋል፣ ትላለች ዘርፈሽ። ጢሜ ይቅርና ንግዴንም አርግፎታል፣ ይልቅ አንቺ ክሩን አታወፍሪው፣ እንዳንቺ ሆነ። ሳቅ። ሳቁ ጎሬ ድረስ ተሰምቶ የጎሬ ሰው ዛሬ ምን በዓል ነው ብሏል፣ እንዝርቱ ሁሉ ባንድ ላይ ሲያጉረመርም ንብ መስሏቸው የያዮ ሰዎች ቀፏቸውን አጥነው ሰቅለዋል፣ ውሸት ከሆነ ያዮ ሄዶ መጠየቅ ነው፣ ዘውደነሽ ግን ከጣቷ በቀር የሚታያት የለም፣ ትስባለች፣ ታከራለች፣ እናቷ ክር ሲቀጥን ትንፋሽሽን ያዢ ትል ነበር፣ በሳቅ መሐል ትንፋሽ እንዴት ይያዛል፣ ልቃቂቱ ያድጋል፣ እንደ ሎሚ፣ እንደ ቡጢ፣ እንደ ዱባ፣ ጆንያው ይከሳል፣ ሟሽሽ ይላል፣ ዱሬቲ፣ ዱሬቲዬ።

ጎማው መጣ። ደርበው ጥሩምባ ይነፋል፣ እትዬ፣ ጨለማ ሳይዘን። ልቃቂቶቹ ይታዩልኝ፣ ትላለች ዘውደነሽ፣ ያደታ ይመጣል፣ አንድ በአንድ ያገላብጣል፣ ፈትል፣ ይሄም ፈትል፣ ይሄም። ከዚያ ጆንያው ስር እጁን ይሰዳል፣ አንድ ጭብጥ ጥጥ። ያልተፈተለ። ወይ አምላኬ፣ ለዚች ጭብጥ? ሙሐዲን እንዝርቱን ከኋላው ይደብቃል።

ያደታ ጥጡን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ይጠቀልለዋል፣ አንዱን ቀኝ ጆሮው ውስጥ፣ አንዱን ግራ ጆሮው ውስጥ ይወትፈዋል። አደነቆራችሁኝ፣ ይላል፣ ሥራ ቤት ይሁን ሰርግ ቤት ሳይለይ ቀኑን ሙሉ፣ ከእንግዲህ ምን ጫናችሁ ብዬም አልጠይቅም፣ ብትነግሩኝም አልሰማም።

ገለቶሚ፣ ወንድሜ፣ ገለቶሚ። ምን? ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ነው ያልኩህ። አልሰማም እትዬ፣ ይላል፣ የኬላውን ገመድ ግን ዝቅ ያደርገዋል፣ አውቶቡሱ ተንፏቆ ያልፋል፣ ልቃቂቶቹ ጭኗ ላይ፣ ሙቅ፣ እንደ ተኛ ሕፃን፣ የጋቢዋን ጥለት ምን ቀለም ላድርግላት፣ አረንጓዴ ትወዳለች፣ አይ ቀይ፣ ቀዩ ለመልኳ ይሄዳል፣ ወይስ ሁለቱንም