ጣውንቴ አልነሳ አለች

የታክሲዋን ቁልፍ እንደገና አዞረው። ማስነሻ ሞተሪኖው ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። ሹፌሩ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ አነሳ፤ በብስጭት ደጋግሞ ከረገጠ ቤንዚን አንቋት ጭራሹን እንደማትነሳ ያውቃል። የፊት መስታወቱ በእርጥበት ደብዝዟል። በእጅጌው ጠረግ ሲያደርገው አማቱ ከበረንዳው ክፈፍ ሥር ቆመው ታዩት። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ሻንጣቸው እግራቸው ሥር ነው።

«እምቢ አለች?» አሉት።

«ብርድ ይዟት ነው፣ እማማ። እርስዎ ይግቡ፣ ካፊያው እንዳይመታዎት።»

«እኔስ ምን እሆናለሁ? አውቶብሱ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው እንጂ።»

«እንዳያመልጠኝ» የምትለዋ ቃል ሆዱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ይህን ያህል ቸኩለዋል ማለት ነው አለ በልቡ፤ ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜም ድፍረትም አልነበረውም። ቁልፉን አዞረ። ጣውላ በደነዘ መጋዝ ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

ሴትዮዋ ወደዚህ ቤት የመጡት የታመመች ልጃቸውን ሊያስታምሙ ነበር። ሹፌሩ ሚስቱን በዚያችው ታክሲ ወደ ሐኪም ቤት ሲያመላልስ፣ እሳቸው አልጋ ሲያነጥፉና ሾርባ ሲያሞቁ ከረሙ። በጋው ሳያልቅ ልጅቷ አረፈች። ለቅሶው አበቃ፣ ከጎረቤት የመጡት ወንበሮች ተመለሱ፣ ዘመድ ወደየቤቱ ሄደ፤ ሁለቱ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ማንም «ይሂዱ» አላላቸውም፤ ማንም «ይቆዩ» አላላቸውም። እሱ ገዝቶ ይመጣል፣ እሳቸው ያበስላሉ፣ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ። ስለ ዘይትና ስለ ዝናብ ያወራሉ። ስለ እሷ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። ልጅ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ ይባል ነበር። ልጅ አልተወለደም። አማትና አማች ብቻቸውን በአንድ ጣሪያ ሥር ምን ያደርጋሉ ብሎ ሰው ሲጠይቀው ሹፌሩ ወሬ ይቀይር ነበር።

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ «ወንዱ ልጄ ጋ ብሄድ ይሻላል መሰለኝ፤ ክፍል አዘጋጅቶልኛል» አሉ። ሹፌሩ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰ። አይሂዱብኝ ሊል አፉን ከፈተ። ወዲያው ይሉኝታ ያዘው። የወለዱት ልጅ እያላቸው በምን አፌ አማች ቤት ይቀመጡ እላለሁ? ሚስቱን ቀብሮ እናቷን ምግብ አብሳይ አደረጋቸው አልባልም?

«እንደወደዱ፣ እማማ» አለ።

እሳቸውም አንገታቸውን ነቀነቁና ሳህኖቹን አነሱ። ሰው አክባሪዎች በአንድ ገበታ ሲገናኙ እንዲህ ነው፤ አንዱ ሌላውን ላለማስቸገር ሲል የሚፈልገውን ነገር በገዛ እጁ አሳልፎ ይሰጣል። ሹፌሩ ሳምንቱን ሙሉ ያቺን «እንደወደዱ» ሲያኝካት ሰነበተ።

«ጣውንቲቱ ዛሬም አኮረፈች?»

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሱቁ ብቅ አለ። ስሙን ለመኪናዋ ያወጣችላት ሟቿ ሚስቱ ናት። ባሏ ከሷ ይልቅ ከመኪናዋ ጋር ስለሚውል «ጣውንቴ» ትላት ነበር። «ለጣውንቴ ዛሬ ምን ገዛህላት? ዘይት? ለኔስ?» ሰፈሩ ስቆ ስሙን ተቀበለው። አሁን ስሙ የወጣላት ቀርታ ስሙን ያወጣችው ሄዳለች።

«ና እስቲ ግፋልኝ» አለው ሹፌሩ።

«መግፋቱን እገፋለሁ። ግን በሷ ዕድሜ ያለ ሰው ጡረታ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ታክሲ አይሠራም።»

«ፀሐዩን አምጣላትና ትሙቅ።»

ልብስ ሰፊው ትከሻውን ከኋላ አስደግፎ ገፋ። መንገዱ ወደ ታች ትንሽ ዘንበል ስለሚል መኪናዋ ፍጥነት ያዘች። ሹፌሩ ማርሽ አስገብቶ በእግሩ የረገጠውን ፍሪሲዮን ለቀቀ። ተንገጫገጨች፣ አንዴ አስነጠሰችና ቆመች። ቁና ቁና እየተነፈሱ ወደ ደጁ መልሰው ገፏት። ካፊያው እንደ ዱቄት ፀጉራቸው ላይ አርፏል። ልብስ ሰፊው ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማ፣ ሴትዮዋን ዝም ብለህ ልትሸኛቸው ነው? ‹ይቀመጡልኝ› ማለት ምን ይከብዳል?»

«እሄዳለሁ ያሉት ራሳቸው ናቸው።»

«አንተም አመንክ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ያንተስ ጥሩ ነው፣ ዝንብ አይገባም፤ ግን ቃልም አይወጣው!»

«የሚሄዱት የወለዱት ልጅ ጋ ነው። እኔ ማን ነኝ? ልጃቸውን ከቤታቸው የወሰድኩ እኔ፣ ጠብቄ ያላቆየኋት እኔ። በየትኛው መብቴ ነው እናትየዋንም ልያዝ የምለው?»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ መጠቅለል ጀመረ። «እኔ እንጃ» አለ፤ «እኔ ጨርቅ ነው የምሰፋው።» ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ሹፌሩ ኮፈኑን ከፈተ። ሌሊቱን የወረደው ጉም ሞተሩ ላይ ሁሉ ረግቷል፤ ገመዱም ክዳኑም በጣት ሲነካ ያረጥባል። መድኃኒቱን ያውቀዋል። ለሞተሩ እሳት የሚጭሩለት ካንዴላዎች ናቸው፤ እነሱ ከበረዱና ከረጠቡ ደግሞ ማልቀስም መርገምም አይረዳም። ይፈታሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይሞቃሉ፣ ሳይበርዱ ይመለሳሉ። ይህን ሥራ ግን እሱ ለብቻው ሠርቶት አያውቅም። እሱ ይፈታል፣ ሚስቱ በመጥበሻ ታሞቃለች፣ በጨርቅ ጠቅልላ እየሮጠች ታመጣለታለች። «ጣውንቴ ቁርሷን በልታለች፤ አንተ ተራህን ጠብቅ» ትለዋለች። እሷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው እርጥብ ወቅት ይህ ነው።

ካንዴላዎቹን ፈትቶ በመዳፉ እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆመ። እግሩ አልገባም አለው። አማቱ እጁን አዩት፤ ከዚያ ፊቱን አዩት።

«ወዲህ በል» አሉና ተቀበሉት።

ሻንጣቸውን በረንዳው ላይ ትተው፣ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ ጓዳ ገቡ። ምድጃውን ለኮሱ። አሮጌውን መጥበሻ ከሌሎቹ ሥር መዝዘው አወጡና ካንዴላዎቹን ደረደሩበት። አልጠየቁትም። እጀታውን ይዘው ቶሎ ቶሎ ያንከባልሏቸዋል፣ ልክ እንደ ልጃቸው።

«ይህንን ማን አሳየዎት?»

«እሷው ናት። የዛሬ ዓመት ልጠይቃችሁ የመጣሁ ጊዜ እዚህ ቆማ ስታሞቅ ምን ጉድ ነው ብዬ ሳቅኩባት። ‹እማዬ፣ ሰው ባል ሲያገባ ብረትም ይጠብሳል› አለችኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ አጭር ነበር፤ መሃሉ ላይ ሁለቱም ስለ እሷ እያወሩ መሆናቸውን አወቁ። ጭሱ ጉሮሯቸውን ነክቷቸው አማቱ ወደ ግድግዳው ዞር ብለው አሳሉ። ሹፌሩ ዓይኑን ጨፈነ። ሳሉ የሚስቱ ነው፤ አንዴ ጠንከር፣ ቀጥሎ ሁለቴ ለስለስ። ከእናቷ የወሰደችው መሆኑን ባለፉት ወራት ነው የተረዳው። ከሥራ ሲመለስ ገና በሩ ላይ ሆኖ ያንን ሳል ከጓዳ ሲሰማ ለአንድ አፍታ ዓለም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ያቺን አፍታ ለማግኘት ሲል ቀኑን ሙሉ ይነዳል። አሁን ሊናገር ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሻንጣው አልከበደም?» አለ።

«አይከብድም። ምን አለኝና? ሂድ፣ ሳይበርዱ ግጠማቸው።»

ካንዴላዎቹ በሚፋጅ ጨርቅ ተጠቅልለው መጡ። ሹፌሩ ጣቱ እየተቃጠለ አጥብቆ አሰራቸው፤ እሳቸው አጠገቡ ቆመው በካፖርታቸው ጠርዝ ካፊያውን ከለከሉለት። እንዲህ ሲጣደፉ ሲያይ ልቡ ወረደ። ለመሄድ የሚቸኩል ሰው ካልሆነ መኪና ለማስነሳት እንዲህ አይተጋም።

ቁልፉን አዞረ። አጉረመረመች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጥቁር ጭስ ተፋችና ተነሳች። ልብስ ሰፊው ከሱቁ ውስጥ አጨበጨበ። ሹፌሩ በሕይወቱ መኪና ስትነሳለት እንደዚያ ቀን አዝኖ አያውቅም።

የፊተኛውን በር ከፈተላቸው።

«ከኋላ ይሻለኛል» አሉና ከኋላ ገቡ።

መንገዱን ሁሉ ሹፌሩ በመስታወት ሰረቅ አድርጎ ያያቸዋል፤ እሳቸው የጠዋቱን ጭቃ፣ የሚሮጡትን ሠራተኞች፣ ጃንጥላ የሌላቸውን ተማሪዎች ያያሉ። ከኋላ መቀመጣቸው አስከፋው። ገና ሳይርቁ እንደ ደንበኛ ሆኑብኝ ብሎ አሰበ። መብራት ላይ ሲቆሙ ቤንዚን እየሰጠ ያጓራታል፤ ከጠፋች በዚህ እርጥበት ዳግመኛ ላትነሳ ትችላለች።

መናኸሪያው በር ላይ አውቶብሱ ሞልቶ ጭስ እየለቀቀ ነበር። ሪዛም ረዳት ሻንጣውን ከእጃቸው ነጥቆ ጣሪያው ላይ ወረወረው። ሹፌሩ ሊወርድ በሩን ከፈት ሲያደርግ አማቱ በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ትከሻው ላይ ጫኑ።

«አትውረድ፣ ትጠፋብሃለች።»

«እማማ...»

«እዚሁ እንሰነባበት። በል፣ ሰውነትህን ጠብቅ። ማታ ማታ ባዶ ሆድህን አትተኛ። እሺ?»

«እሺ።»

ጉንጩን ሳሙትና ሄዱ። ጎብጠው ደረጃውን ሲወጡ አየ። ቀኝ እግሩ ቤንዚን መስጫው ላይ ነው። እናቱን ሊሸኝ የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያለቅሳል፤ እሱ ግን ሞተር ያሞቃል። አማቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ወደ ፊት ሲመለከቱ ታዩት። እጃቸውን አላወዛወዙም፤ ወደ እሱም አልዞሩም። ያኔ የያዘው ነገር ሁሉ አመለጠው። ቁልፉን ወደ ኋላ መለሰው። መኪናዋ ፀጥ አለች።

ወርዶ በካፊያው ውስጥ ሮጠ። የአውቶብሱን ደረጃ ወጥቶ በሰው ጉልበትና በዘንቢል መካከል ተሽሎክልኮ አጠገባቸው ደረሰ።

«ምነው ልጄ? ጠፋችብህ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋኋት። እማማ፣ አይሂዱብኝ። ‹እንደወደዱ› ያልኩት ውሸቴን ነው።»

ከፊት ያሉ ተሳፋሪዎች ዞር አሉ። አማቱ ቀና ብለው አዩት።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«አብሬህ ኖሬ የለም? ውሸት አትችልበትም። ቅር ብሎህ እንደሆነ በዚያኑ ማታ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አስቀየምኩዎት?»

«ምንም። እግዜር ይስጥህ፣ ምንም አላስቀየምከኝም።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ጠብቀው አስተካከሉት። «ከሐኪም ቤት ስትመልሳት የመኪናውን በር እሰማ ነበር። አንደኛው ይዘጋል፣ ያንተ ነው። ከዚያ ሁለተኛው። እሷን አቅፈህ ትገባለህ። አሁንም ማታ ስትመጣ አንደኛውን እሰማለሁ። ከዚያ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ። በየማታው፣ ልጄ። አንተ ትገባለህ፣ እኔ ከኋላህ አያለሁ። ፊት ወንበሯ ላይ እንኳ መቀመጥ አቃተኝ፤ አየኸኝ ዛሬ።»

ሹፌሩ የወንበሩን ብረት ጨብጦ ቆመ።

«እኔ ደግሞ» አለ፤ ቃሉ እየተቆራረጠበት፤ «እርስዎ ጓዳ ሲያስሉ እሷ ያሳለች ይመስለኛል። በሩ ላይ ቆሜ እሰማዎታለሁ። እንዲቀመጡልኝ የምፈልገው ለዚያ ነው።»

«እኮ» አሉት እጁን ይዘው፤ «እኔም የምሄደው ለዚያው ነው።»

ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ ልጅቷ ከተቀበረች ወዲህ አብረው ሲያለቅሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሰው ሲበዛባቸው አንድ ጥግ፣ ሰው ሲጠፋባቸው ሌላ ጥግ ይዘው፣ አንዱ ሌላውን እንዳያስከፋ እያሉ ለየብቻቸው ሲውጡት ከርመዋል። አሁን ደግሞ ቦታው ሞልቶ፣ ሰው እያየ፣ አውቶብሱ ሊነሳ ነው።

«የማይሄድ ይውረድ!» ረዳቱ በሩን በመዳፉ ደበደበ። ወደ ውስጥ ገብቶ ባለታክሲው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። «ወንድም፣ ትሄዳለህ ወይስ ሸኚ ነህ?»

ሹፌሩ በመስኮቱ አየ። ታክሲዋ መናኸሪያው በር ላይ ግማሽ መንገድ ይዛ፣ የሹፌሩ በር እንደተከፈተ፣ ካፊያው ወደ ውስጥ እየገባባት ቆማለች። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ከማዶ ወደዚያ እየተመለከተ ነው። ዛሬ ካልሠራ የዛሬ እንጀራ የለም፤ ይህንንም ያውቃል።

«እስከ ቀጣዩ ከተማ» አለ።

«ምን ነካህ?» አሉ አማቱ። «ምን ልታደርግ?»

«እሸኝዎታለሁ። እስከዚያ ስለ እሷ ያወሩልኛል። ልጅ ሆና ምን ትመስል እንደነበር አንድ ቀን እንኳ ጠይቄዎት አላውቅም።»

«መኪናህስ?»

«ትቁም» አለና አጠገባቸው ተቀመጠ።